ከኋላችሁ ለሚመጣው ሰው ብላችሁ ሞተራችሁን አዘጋጁ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሞተር ሳይክል ለምትነዱ ኢትዮጵያውያን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንዲሁም በዚሁ አካባቢ ጋራዥ ከፍታችሁ ለምትሠሩ ወገኖቼ፤



ከእናንተ መካከል ብዙዎች ሌሊት ሌሊት ቤልትዌይ ላይ መሽቀዳደሙን ትታችሁ ወደ ትራክ መምጣት በመጀመራችሁ ደስ ብሎኛል። ከዲሲ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በሚርቀው የዌስት ቨርጂኒያው ሰሚት ፖይንት፣ ተወዳዳሪዎች ድንኳን በሚተክሉበት ሜዳ ላይ አማርኛ ሲነገር መስማት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ፍጥነት የሚወድ ወጣት ፍጥነቱን የሚያወጣበት ትክክለኛ ቦታ እዚያ ነው፤ ከፊቱ የጭነት መኪና አይመጣበትም፣ ሕፃን አይሻገርበትም፣ አምቡላንሱም አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል።

ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቅዳሜ ጠዋት የቴክኒክ ፍተሻው ሰልፍ ላይ ደርሳችሁ ሞተራችሁ አላለፈም ተብሎ ስትመለሱ የምትናገሩትን እሰማለሁ። «አጥብቀውብን ነው»፣ «ለአንዲት ቡሎን ብለው ቀኔን አቃጠሉት»፣ አልፎ አልፎም «እኛን ለይተው ነው» ትላላችሁ። ሙያዬ መካኒክነት ነው፤ በአማተር ደረጃም እወዳደራለሁ። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ሆኜ ልናገር፦ ያ ፍተሻ በመጀመሪያ የሚጠብቀው እናንተን አይደለም፤ ከኋላችሁ የሚመጣውን ሰው ነው። ይህ የገባው ሰው ቡሎን የሚያስርበት እጁ ራሱ ይለወጣል።

የሞንዛውን አደጋ ሰምታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1973 ጣሊያን ውስጥ የ250 ሲሲ ግራንድ ፕሪ ተጀምሮ የመጀመሪያው ዙር እንኳ ሳያልቅ ሬንዞ ፓሶሊኒ ፈጣኑ መታጠፊያ ላይ ወደቀ። ከኋላው የነበረው ፊንላንዳዊው ያርኖ ሳሪነን የሚሸሽበት ቦታ አልነበረውም። ሁለቱም ሞቱ፤ ከኋላ የሚመጡ ሌሎች በርካታ ተወዳዳሪዎችም እየተላተሙ ወደቁ። ሳሪነን 27 ዓመቱ ነበር፤ በ1972 በ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በዚያው በ1973 መጀመሪያ ደግሞ ዴይቶና 200ን ያሸነፈ ሰው ነው። በዚያው ቀን ቀደም ብሎ በተካሄደው የ350 ሲሲ ውድድር መገባደጃ ላይ የቫልተር ቪላ ቤኔሊ ዘይት አፍስሶ ስለነበር፣ «ሜዳው ሳይጸዳ ነው ቀጣዩ ውድድር የተለቀቀው» የሚል ክስ ወዲያው ተነሣ። «የለም፣ የፓሶሊኒ ሞተር በድንገት ተቆልፎ ነው» የሚል ድምዳሜም በኋላ ተሰጠ። ክርክሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈው በኋላም አልተዘጋም። እኔ ይህን የማነሣው ለመፍረድ አይደለም። የፈለጋችሁትን ወገን ብትይዙ፣ በአንድ ሰው ሞተር ላይ የደረሰ ብልሽት የሌላውን ሰው ሕይወት እንደቀጠፈ ግን መካድ አትችሉም።

ሰሚት ፖይንት ደግሞ ትልቅ ሜዳ አይደለም። ዋናው ትራክ ሁለት ማይል፣ አሥር መታጠፊያ ነው። ረጅሙ ቀጥታ አልቆ ወደ መታጠፊያ 1 ስትገቡ ሁሉም ሰው ፍሬን የሚይዘው እዚያው አንድ ቦታ ላይ፣ አንዱ የሌላውን የኋላ ጎማ እያየ ነው። እዚያ መስመር ላይ የእናንተ ሞተር አንድ ብርጭቆ ዘይት ቢያፈስ፣ የመጀመሪያው ሰው የሚያውቀው ከወደቀ በኋላ ነው። ጠቋሚው ባንዲራ እስኪያወጣ ድረስ ሦስት አራት ሰው አልፎበታል። በመንገድ ላይ ብትሆኑ ዘይቱ ዝም ብሎ አስፋልት ያቆሽሻል፤ እዚህ ግን ሰው ይጥላል። የፍተሻው ደንብ ስለ ፈሳሽ ብዙ የሚያወራው ለዚህ ነው፤ እኔም ረዘም አድርጌ የምናገረው ስለዚሁ ነው።

ከዘይት ማፍሰሻው ቡሎን እንጀምር። አብዛኞቻችሁ የምትመለሱት በእሱ ነውና። ቡሎኑ በደንብ ቢጠብቅም በንዝረት ሊላላ ይችላል፤ ስለዚህ ጭንቅላቱ ተበስቶ በሽቦ መታሰር አለበት። ዘይቱን አፍስሳችሁ ቡሎኑን አውጡትና ጥርሱ እንዳይጎዳ በጨርቅ ወይም በስስ አልሙኒየም ጠቅልላችሁ ሞርሳ ላይ እሰሩት። ጭንቅላቱ ስድስት ማዕዘን ነው፤ ቀዳዳው ከአንዱ ጎን ገብቶ ማዕዘኑን አቋርጦ በሚቀጥለው ጎን እንዲወጣ ነው የምትፈልጉት። በሹል ብረት መታ አድርጋችሁ ምልክት ካላወጣችሁለት ፑንታው ይንሸራተታል። አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ የሆነ የኮባልት ፑንታ፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ትራፓኖ፣ ጠብ ጠብ የሚል ዘይትና ትዕግሥት ያስፈልጋችኋል። ፑንታው በሌላው በኩል ሊወጣ ሲል ድምፁ ይለወጣል፣ እጃችሁ ላይም ይንቀጠቀጣል፤ የሚሰበረው ያን ጊዜ ስለሆነ ግፊታችሁን አላሉ። እንዲያም ሆኖ መሰበሩ አይቀርም፤ ሦስት አራት ፑንታ ገዝታችሁ ብትጀምሩ አትናደዱም። የተበሳውን ቡሎን በአዲስ ማሸጊያ ቀለበት መልሳችሁ በፋብሪካው ልክ አጥብቁት። ይህን አደራ እላችኋለሁ፦ ሽቦ ቡሎን አያጠብቅም። ሽቦ የሚያደርገው የጠበቀውን እንዳይላላ መያዝ ብቻ ነው። ላልቶ የታሰረ ቡሎን ፈታሹን ሊያታልል ይችላል፤ ንዝረትን ግን አያታልልም።

ሽቦው 0.8 ሚሊሜትር የሚሆን የማይዝግ ብረት ነው። በቀዳዳው አሳልፋችሁ ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ግመዱት፤ በአንድ ሴንቲሜትር ሦስት ዙር ያህል ሲሆን ደህና ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ይላላል፣ ከዚያ በላይ ካጠነከራችሁት ሽቦው ይሰነጠቅና በሁለተኛው ቀን ይበጠሳል። ሌላኛው ጫፍ የሚታሰረው ንቅንቅ በማይል ነገር ላይ ነው። ትልቁ ነገር አቅጣጫው ነው፤ ሽቦው ቡሎኑን ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ መሳብ አለበት፤ ቡሎኑ ሊላላ ቢሞክር ሽቦው እየተወጠረ እንዲይዘው። በተቃራኒው አዙራችሁ ካሰራችሁት ግን ቡሎኑ ሲላላ ሽቦው አብሮት ይረግባል፤ እንዲህ የታሰረ ሞተር በየውድድሩ ይገጥመኛል። ስትጨርሱ የሽቦውን ጫፍ ወደ ውስጥ እጠፉት፤ ቀጥ ብሎ የቀረ ጫፍ የፈታሹን እጅ ይቆርጣል።

የዘይት ፊልትሮው በጣሳ መልክ የሚጠመዘዝ ዓይነት ከሆነ የሚበሳ ጭንቅላት የለውም። ዙሪያውን ቱቦ የሚጠበቅበትን የብረት ቀለበት አጥልቃችሁ ታጠብቁና ከቀለበቱ ጥምዝ ላይ ሽቦ አውጥታችሁ ከኢንጂኑ ጋር ታስሩታላችሁ። ብዙ ሞተሮች ላይ ፊልትሮው ከፊት ጎማው ጀርባ ስለሚውል፣ ከላላ ዘይቱ የሚረጨው በቀጥታ የራሳችሁ የኋላ ጎማ ላይ ነው። የዘይት መሙያው ክዳንም እንዲሁ ይታሰራል። በእጅ የሚጠመዘዝ ፕላስቲክ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ ሞተሩ በጎኑ ሲወድቅ ግን መጀመሪያ አስፋልት የሚነካው እሱ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኢንጂኑ ራሱ ቢፈነዳስ? ቡሎን ያልያዘውን የሚይዝ ከታች ገንዳ መኖር አለበት። የውድድር ፌሪንግ የታችኛው ክፍል እንደ ሳህን የተዘጋ የሆነው ለዚህ ነው። በዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን ደንብ ይህ ክፍል ቢያንስ ኢንጂኑ የሚይዘውን ዘይትና ውሃ ግማሽ መያዝ አለበት፤ ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹም የሚከፈቱት በዝናብ ውድድር ብቻ ነው። የክለቦች ደንብ በዝርዝሩ ሊለያይ ስለሚችል የምትወዳደሩበትን ክለብ መጽሐፍ አንብቡ፤ ዓላማው ግን አንድ ነው። ከመንገድ የመጣው ፌሪንግ ከታች ክፍት ስለሆነ ይህን ሥራ አይሠራም። በማጣበቂያ ቴፕና በካርቶን ልትደፍኑት የምትሞክሩ አላችሁ፤ እባካችሁ ተዉት። የፈላ ዘይት በካርቶን አይያዝም።

ስለ ራዲያተሩ ውሃ ደግሞ። መንገድ ላይ የምንጠቀምበት አረንጓዴው ፈሳሽ በትራክ ክልክል ነው። ውሃ አስፋልት ላይ ቢፈስ ይደርቃል፤ ግላይኮል ያለበት ፈሳሽ ግን አይደርቅም፣ ሳሙናማ ሽፋን ሆኖ ይቀራል፤ ሲጸዳም ያስቸግራል፤ በዚህ ምክንያት የሁሉም ሰው ቀን ይቋረጣል። ስለዚህ ራዲያተሩን አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግማችሁ እጠቡና ንጹሕ ውሃ፣ ቢቻል የተጣራ ውሃ ሙሉበት። ክለቡ ከፈቀደ እንደ ዋተር ዌተር ያለ ግላይኮል የሌለው ተጨማሪ ታደርጉበታላችሁ፤ ዝገትንም ይቀንሳል። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ፦ የኛ አካባቢ ክረምት ውሃ ያረጋል። ንጹሕ ውሃ የያዘ ሞተር ብርዱ ሲገባ ጋራዥ ውስጥ ከተረሳ ውሃው በረዶ ሲሆን እየሰፋ ኢንጂኑን ሊሰነጥቀው ይችላል። የውድድር ዘመኑ እንዳለቀ ውሃውን አፍስሱ።

የሚተርፈው ፈሳሽም ማረፊያ ያስፈልገዋል። ከራዲያተሩ ሲፈላ የሚወጣው ውሃም ሆነ ከኢንጂኑ መተንፈሻ የሚወጣው የዘይት እንፋሎት ወደ መሬት ሳይሆን በቱቦ ወደ መያዣ ጠርሙስ መሄድ አለበት። ከየልምምዱ በኋላ ጠርሙሱን ባዶ አድርጉት፤ ሞልቶ የመጣ ጠርሙስ እንደሌለ ይቆጠራል።

ከሞተሩ ስለሚነሣው ነገር ብዙ አልልም፤ ይህን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ የታርጋ ማሰሪያ፣ የተሳፋሪ እግር መርገጫና የጎን ማቆሚያ ይወጣሉ። መብራቶቹ የማይወጡ ከሆነ ሲሰበሩ እንዳይበተኑ በቴፕ ይሸፈናሉ። በተለይ የጎን ማቆሚያውን «ስፕሪንጉ ጠንካራ ነው» ብላችሁ አትተዉት። ወደ ግራ በተኛችሁበት መታጠፊያ ላይ ከወረደ ሞተሩን ከመሬት ያነሣዋል፤ የቀረውን ለማሰብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

አሁን ፈታሹ ምን እንደሚያደርግ በቅርብ ተመልከቱ። ሰላም ይላችኋል፣ ይንበረከካል፤ መጀመሪያ የፊት ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀጫቅጨዋል። የሚያዳምጠው የኩሽኔታ ጨዋታ ካለ ነው። የፍሬን መያዣውን ቡሎኖች በጣቱ ይነካል፤ ሽቦው አለ? የፊቱ ፔርኖ ታስሯል? የፍሬን ሸራው ምን ያህል ቀርቶታል? ከዚያ ተነሥቶ የፍሬን መጨበጫውን ይጨብጣል፤ ወደ መሪው ድረስ ከገባለት ዘይቱ ውስጥ አየር አለ ማለት ነው። መሪውን ከዳር እስከ ዳር እያዞረ የነዳጅ መስጫውን ጠምዝዞ ይለቀዋል፤ በሁሉም ማዕዘን ጠቅ ብሎ በራሱ መመለስ አለበት። ቀስ ብሎ የሚመለስ ከሆነ አታልፉም፤ ማለፍም የለባችሁም፤ ምክንያቱም እጁ ከመሪው የተላቀቀበት ሰው ሞተሩን የሚያቆምለት ያ ስፕሪንግ ነው። ወደ ኋላ ሄዶ ካቴናውን ያነሣል፤ በክሊፕ የሚዘጋ መጋጠሚያ ካለው ክሊፑ እንዳይወጣ መታሰሩን ያያል። በሪቬት የተዘጋ ካቴና ብታስገቡ ይህ ጭንቀት አይኖርባችሁም። የጎማውን ጎን ለስንጥቅ ይመረምራል። ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ነው። እናንተ ቤታችሁ፣ በተረጋጋ መንፈስ፣ ይህንኑ በዚሁ ቅደም ተከተል ማድረግ ትችላላችሁ። ሞተራችሁን ከላይ እስከ ታች በእጃችሁ አንብቡት።

ከወደቃችሁ በኋላ ሌላውን ሰው እንዳይጎዳ ተብለው የሚታዩ ነገሮችም አሉ። የፍሬንና የፍሪሲዮን መጨበጫ ጫፍ ክብ መሆን አለበት፤ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ልክ ቢያንስ 16 ሚሊሜትር ነው፤ ሹል የሆነ ጫፍ በሰው ሥጋ ውስጥ ይገባል። የመሪው ሁለት ጫፎችም ክፍት ቱቦ ሆነው መቅረት የለባቸውም። ከኋላ፣ ካቴናው ከታች በኩል የጥርሱን ክብ በሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ የዓሣ ክንፍ የመሰለ መከለያ ይጠየቃል፤ በካቴናውና በወደቀ ሰው ጣት ወይም እግር መካከል የሚቆመው እሱ ብቻ ነው። ጣቱ በካቴና የተቆረጠ ሰው አውቃለሁ፤ ሞተሩ የሌላ ሰው ነበር።

አገር ቤት ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ ጎማ ተውሶ፣ እሳት ማጥፊያ ተውሶ ቦሎ የሚያወጣ ሰው ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ያ ልማድ ተከትሎን እዚህ እንዳይመጣ እለምናችኋለሁ። የተዋሳችሁት ሄልሜት ፈታሹን ያሳልፋችሁ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የራሳችሁን አሮጌ አድርጋችሁ ስትወጡ ግን ያታለላችሁት ራሳችሁን ነው። ሄልሜታችሁ ስኔል ኤም 2020 ወይም ኢሲኢ 22.06 ዓይነት ምልክት ይኑረው፤ የተሠራበትን ቀን ከውስጥ ጨርቁ ሥር ፈልጉ። ስኔል የተባለው ድርጅት ሄልሜት ውስጡ ስለሚደክም በአምስት ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። ድርጅቱ ራሱ በ1957 የተቋቋመው፣ ከዓመት በፊት በመኪና ውድድር በጭንቅላት ጉዳት በሞተው በፒት ስኔል ስም ነው፤ በጊዜው አድርጎት የነበረው ሄልሜት ሊያድነው አልቻለም። የቆዳ ልብሱ አንድ ወጥ ወይም ወገቡ ላይ ዙሪያውን በዚፕ የሚገጠም፣ ጓንቱ የእጅ አንጓን አልፎ የሚሸፍን፣ ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን፤ የጀርባ መከላከያውንም አትርሱ። ከጓደኛ መዋስ ካለባችሁ ቀኑን ሙሉ ተዋሱት።

ስለ ሞተር ምርጫም ትንሽ ልናገር። ብዙዎቻችሁ የመጀመሪያ ውድድራችሁን በ1000 ሲሲ ሞተር ልትጀምሩ ትፈልጋላችሁ። አይሆንም አልልም፤ ግን አታድርጉት። እንደ ሱዙኪ ኤስ ቪ 650 ወይም እንደ ካዋሳኪ ኒንጃ 400 ያለ ሞተር ለጀማሪ የተሻለ የሚሆነው ቀስ ስለሚል ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው ስለተወዳደረበት የተበሳ ቡሎኑ፣ የታችኛው ፌሪንጉ፣ የካቴና መከለያው ሁሉ ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ አጠገባችሁ ድንኳን የተከለው ሰውም መለዋወጫው ይኖረዋል። ቁጥራችሁን በትልቁና በግልጽ ለጥፉ፤ በብዙ ክለቦች ጀማሪ በቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ቁጥር ነው የሚያደርገው። ጌጠኛ ፊደል አትምረጡ፤ ባንዲራ የያዘው ሰው ዘይት እያፈሰሳችሁ እንደሆነ ሊነግራችሁ የሚችለው ቁጥራችሁን ማንበብ ከቻለ ነው።

«እኛን ለይተው ነው» ወደሚለው ልመለስ። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም አልልም፤ የሚሰማችሁን ስሜትም አልንቅም። ነገር ግን መፍትሔው የደንቡን መጽሐፍ ይዛችሁ መሄድ ነው። የተባላችሁት ነገር በመጽሐፉ ላይ ከሌለ በትሕትና ገጹን አሳዩና ዋና ፈታሹን ጥሩ፤ መብታችሁ ነው፣ እኔም አብሬያችሁ እቆማለሁ። በመጽሐፉ ላይ ካለ ግን የተጻፈው ለሁሉም ነው። አንድ ልጃችን ባለፈው ወቅት በዘይት ማፍሰሻው ምክንያት ከሰልፍ ተመልሶ እንባ እየተናነቀው ሲቆጣ፣ ከፊቱ ተሰልፎ የነበረው ነጭ ሽማግሌ ተወዳዳሪም በዚያው ምክንያት ተመልሶ ከመኪናው ጀርባ ላይ ሽቦ እየገመደ ነበር። ሽማግሌው የተረፈውን ሽቦና ፒንሳውን አምጥቶ ሰጠው፤ አጎንብሶም አሳየው። ልጁ ከሰዓት በኋላ ተወዳደረ።

በአሌክሳንድሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በፎልስ ቸርች ጋራዥ ላላችሁ ወገኖቼ የማቀርበው ልመና አጭር ነው። ቡሎን በአፓርታማ በረንዳ ላይ በእጅ ትራፓኖ መብሳት ልጆቻችንን ያማርራል፤ ተስፋ ቆርጠው «በቃ እንደዚሁ እሄዳለሁ» ያሰኛቸዋል። እናንተ ዘንድ በቋሚ ማቆሚያ ላይ የተተከለ ትራፓኖ አለ፤ ሞርሳ አለ፤ የማጥበቂያ ልክ የሚለካ ቁልፍ አለ። በሳምንት አንድ ምሽት፣ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ በራችሁን ክፈቱላቸው። የመኪና መካኒክ ስለሆናችሁ የሞተር ሳይክሉን ጣጣ ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ችግር የለም፤ ቡሎን ቡሎን ነው፤ እኔም መጥቼ አግዛለሁ። የኢንሹራንስ ስጋት ካላችሁ እነሱ ሞተሩን ሳያመጡ ቡሎኑን ብቻ ይዘው ይምጡ፤ የሚበሳው ቡሎኑ ነውና።

ለወላጆችም አንድ ቃል። ልጃችሁ ትራክ እሄዳለሁ ሲል በሩን ከምትዘጉበት፣ ጋራዥ ገብታችሁ «ይህን ሽቦ ለምን አሰርከው?» ብላችሁ ጠይቁት። ምክንያቱን አብራርቶ ከነገራችሁ ለሌላው ሰው የሚያስብ ልጅ ነው ያላችሁ። ካልነገራችሁ ደግሞ ገና አልተዘጋጀም፤ ያን ጊዜ መከልከል ይገባችኋል።

እናንተ ተወዳዳሪዎች፣ ሥራውን ዓርብ ሌሊት አትጀምሩት። ሁለት ሳምንት ሲቀር ፌሪንጉን አውልቁ፣ ኢንጂኑን በደንብ እጠቡ፤ ንጹሕ ሞተር ላይ የሚያፈስ ነገር ካለ በግልጽ ይታያል። ሽቦውን አስራችሁ ስትጨርሱ ሞተሩን አስነሥታችሁ እስኪሞቅ ጠብቁና ከሥሩ ነጭ ወረቀት ዘርጉ። ሲነጋ ወረቀቱ ላይ አንዲት ጠብታ ካለች ከየት እንደመጣች ሳታገኙ አትጫኑት። ያን ሳምንት ውሃውን፣ የፍሬኑን ዘይትና ጎማውን ጨርሱ። ትራክ ላይ ከወደቃችሁ ደግሞ የፍተሻ ምልክታችሁ እንደተሰረዘ ቁጠሩት፤ ሞተሩም ሄልሜቱም እንደገና ይታያሉ። «ምንም አልሆነም» ብላችሁ በሌላ በር ለመግባት አትሞክሩ፤ በወደቀ ሞተር ላይ የተሰነጠቀ የኢንጂን ሽፋን ማፍሰስ የሚጀምረው ከጥቂት ዙር በኋላ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያውን የጋራዥ ምሽት ለማስተናገድ ፈቃደኛ የሆናችሁ ባለ ጋራዦች እዚሁ ጋዜጣ ላይ ስማችሁንና የምትከፍቱበትን ቀን አሳውቁን። ሽቦ፣ ፑንታና ፒንሳ እኔ ይዤ እመጣለሁ። ወጣቶች፣ የክለባችሁን የደንብ መጽሐፍና የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሜሪላንድ የሚኖር መካኒክና አማተር ተወዳዳሪ